ከመርከብ ሆድ ስር

ልጄ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት የልደት መጥሪያ ካርድ ይዞ መጣ። የክፍል ጓደኛው 10 ዓመት ሊሞላው ነው። ካርዱ ላይ የባህር ወንበዴ ተስሏል፤ አንድ ዓይኑ በጥቁር ጨርቅ የተሸፈነ፣ ትከሻው ላይ በቀቀን የተቀመጠበት። ከስሩ በቀይ ቀለም፣ በሆላንድኛ፣ "አርፍዶ የመጣ ኪልሃለን ይደረጋል" ይላል።

"አባዬ፣ ኪልሃለን ምንድን ነው?" አለኝ።

አላውቀውም። ሮተርዳም መኖር ከጀመርኩ ብዙ ጊዜዬ ነው፣ ሥራዬም በሆላንድኛ ነው፣ ግን ይሄን ቃል ሰምቼው አላውቅም። "የወንበዴዎች ወግ ነው፣ እንዳታረፍዱ ለማለት ነው" አልኩትና አለፍኩት። እሱ በዚህ ረካ። እኔ ግን አልረካሁም። ማታ ሲተኛ ስልኬን ይዤ ፍለጋ ጀመርኩ፤ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም።

ቃሉ ከሁለት ቃል የተሠራ ነው። "ኪል" ከመርከቡ ስር፣ ከፊት ጫፉ እስከ ኋላው የሚዘልቀው ወፍራም ግንድ ነው፤ መርከቡ ሁሉ የሚታነጽበት የጀርባ አጥንቱ በሉት። "ሃለን" ደግሞ መጎተት ነው። ሰውን በመርከቡ ስር አሳልፎ መጎተት። ቃሉ ምንም የሚደብቀው ነገር የለም። እንግሊዞች ከሆላንዶች ወስደው "ኪልሆል" አሉት፤ ጀርመኖችና ስዊድኖችም በየራሳቸው አፍ ይዘውታል።

መርከብ ሠሪዎች ዘንድ ቃሉ ሌላ፣ ክፋት የሌለበት ትርጉምም አለው። የድሮ የእንጨት መርከብ ባህር ላይ ሲቆይ ሆዱ ላይ ዛጎል የለበሱ ትናንሽ የባህር ፍጥረታት ይጣበቁበታል። እንደ ድንጋይ ይጠነክራሉ፣ ጠርዛቸው ይቆርጣል፣ ሲበዙም መርከቡን ያዘገዩታል። ስለዚህ መርከቡን ጥልቅ ያልሆነ ውሃ ዳር በአንድ ጎኑ አጋድመው ሆዱን ይፍቁለታል። ይህም ኪልሃለን ይባላል። አንዱ ቃል መርከቡን ከዛጎሉ የማጽዳት ሥራ ስም ነው፣ ሰውን በዚያው ዛጎል ላይ የመፋቅ ቅጣትም ስም ነው። እዚህ ላይ ስደርስ ስልኩን አስቀምጬ ትንሽ ተቀመጥኩ።

አደራረጉን መናገር አለብኝ። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ ይገባችኋል።

በትልቁ ምሰሶ ላይ ሸራው የሚንጠለጠልበት አግድም እንጨት አለ። ሁለቱም ጫፎቹ ከመርከቡ ጎን አልፈው ባህሩ ላይ ይወጣሉ። በሁለቱ ጫፎች ላይ ፑሊ ይታሰራል። ገመድ ከአንዱ ጫፍ ይወርድና በመርከቡ ሆድ ስር አልፎ በሌላው በኩል ይወጣል። ሰውየው ገመዱ መሃል ይታሰራል። እግሩ ላይ እርሳስ ወይም ብረት ይንጠለጠልበታል፣ ወደ ታች እንዲሰምጥ። አፉ ላይ ውሃ እንዳይውጥ በዘይት የተነከረ ስፖንጅ ይታሰርበታል። ከዚያ በአንዱ ጎን ሽቅብ ይሰቅሉታል፣ ወደ ውሃው ይለቁታል፣ በሌላው ጎን ያሉት መርከበኞች ደግሞ ይጎትታሉ። በዚያ በኩል ሲወጣ ትንሽ ያስተነፍሱታል። ከዚያ እንደገና። ብዙ ጊዜ የሚፈረደው ሦስት ጊዜ ነው። ሲያበቃ ግርፋት የሚጨመርበትም አለ።

ቶሎ ከጎተቱት ገመዱ ስለሚወጠር ከመርከቡ ሆድ ጋር ይጣበቃል፣ ዛጎሉ ቆዳውን ይገሸልጠዋል። ቀስ ብለው ከጎተቱት የእግሩ ክብደት ወደ ታች ስለሚያወርደው ከዛጎሉ ይተርፋል፣ ግን ትንፋሽ ያጥረዋል። ገመዱን የያዙት የገዛ ጓደኞቹ ናቸው። ትናንት አብረውት የበሉ፣ ጎኑ የተኙ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚከብደኝ ይሄ ነው። እነዚያ ሰዎች ምን ያህል ፍጥነት ይሻላል ብለው አስበው ይሆን? ለጓደኛህ የምታዝንለት እንዴት ብትጎትተው ነው?

17ኛው ክፍለ ዘመን ላይ የኖረ አንድ የእንግሊዝ ካፒቴን እንደጻፈው ደግሞ ሰውየው ውሃ ውስጥ እያለ ከራሱ በላይ መድፍ ይተኮሳል። ሁለት ምክንያት ይሰጣል። አንዱ ነጎድጓዱ የተቀጣውን ይበልጥ እንዲያስደነግጠው፣ ሁለተኛው በሌሎቹ መርከቦች ያሉት እንዲያዩና እንዲጠነቀቁ። ቅጣቱ ከተቀጪው ይልቅ ለተመልካቹ ነበር ማለት ነው።

ቃሉን በደንብ ከፈቱት ሰዎች አንዱ ዊልያም ፋልኮነር የሚባል ስኮትላንዳዊ መርከበኛና ገጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1769 የባህር ቃላት መዝገበ ቃላት አሳተመ። እዚያ ውስጥ ፑሊውን፣ እርሳሱን፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ጽፎታል። ቅጣቱንም በሆላንድ ባህር ኃይል የሚፈጸም ይለዋል። በዚያው ዓመት መጨረሻ የተሳፈረባት መርከብ ከኬፕ ታውን ተነስታ ጉዞ ቀጠለች፤ ከዚያ በኋላ ያያት የለም። የባህርን ቃል ሁሉ ሰብስቦ ለሌላው ያስረከበ ሰው ራሱ በባህር ቀረ።

ወደ ካርዱ ልመለስ። ካርዱ ነገሩን ያላከከው ወንበዴ ላይ ነው። ፊልሙም፣ የልጆች መጫወቻውም እንደዚያው። ኪልሃለን ግን የመንግሥት ቅጣት ነበር። በሆላንድ ባህር ኃይል ደንብ ላይ በቀለም የሰፈረ፣ የመርከቡ ሸንጎ ተቀምጦ የሚፈርደው፣ ጸሐፊ የሚመዘግበው። ሕጉ ለመርከበኞች ጮክ ተብሎ ይነበብ ነበር። በመርከብ ላይ ቢላዋ የመዘዘ ሰው እጁ በዚያው ቢላዋ ከምሰሶው ጋር ይቸነከራል የሚል አንቀጽም አለበት፤ ሰውየው ራሱ እጁን ስቦ እስኪያላቅቅ። ኪልሃለን ከሕግ የወጣው በ1850ዎቹ ነው። ልብ በሉ፣ ባቡር መሮጥ ከጀመረ በኋላ፣ ቴሌግራፍ ከተዘረጋ በኋላ ማለት ነው። አሜሪካኖችም በባህር ኃይላቸው ግርፋትን ያስቀሩት በ1850 ነው። እንግሊዞች ዘንድ ኪልሆል በሕግ የተጻፈ ቅጣት ለመሆኑ ማስረጃ አልተገኘም፤ እነሱ ዘጠኝ ጅራት ባለው ጅራፍ ነበር የሚሠሩት።

ሥዕልም አለው። ሊፌ ፈርስኹር የሚባል ሠዓሊ የሣለው ነው፤ ተወልዶ የሞተው እኔ በምኖርበት በሮተርዳም ነው። ሥዕሉ አምስተርዳም ባለው በሪክስሙዚየም ስብስብ ውስጥ ይገኛል፣ ከ1660 እስከ 1686 ባለው ጊዜ የተሣለ። የአድሚራል ያን ፋን ኔስ የመርከብ ሐኪም ኪልሃለን ሲደረግ ያሳያል፣ ቢያንስ አፈ ታሪኩ እንደዚያ ነው የሚለው። በሙዚየሙ ድረ ገጽ ላይ አጉልቼ አየሁት። መጀመሪያ ያየሁት መርከቦቹን ነው። ቀጥሎ ሰውን። ሰው፣ ሰው፣ በየጀልባው፣ በየመርከቡ የታጨቀ ሰው። ተቀጪውን ፈልጌ ነው ያገኘሁት። ከዚያ ሁሉ ነገር መሃል አየር ላይ የተንጠለጠለ ትንሽ ነገር ነው። ሠዓሊው ትልቅ ያደረገው ተመልካቹን ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጄን ይዤ ሌሊስታድ ሄድኩ። እዚያ ባታቪያ የምትባል መርከብ ቆማለች። የመጀመሪያዋ ባታቪያ የሆላንድ ምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ነበረች፤ በ1629 ከአውስትራሊያ ምዕራባዊ ዳርቻ ወዲያ ካሉ ደሴቶች ጋር ተላትማ ተሰበረች። አሁን የምትታየዋ በድሮው አሠራር እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1995 ድረስ አሥር ዓመት የተለፋባት ግልባጭዋ ናት።

የባታቪያ ታሪክ ራሱን የቻለ ጉድ ነው፤ አሳጥሬ ልንገራችሁ። ከ300 በላይ ሰው ነበር የጫነችው። ስትሰበር አዛዡ ፍራንሲስኮ ፔልሳርት እርዳታ ለማምጣት በጀልባ ወደ ጃቫ ሄደ። እሱ ሲሄድ ደሴቶቹ ላይ ከቀሩት የተወሰኑት አምፀው ከ100 በላይ ሰው ፈጁ፣ ሴትና ሕፃን ሳይቀር። ፔልሳርት ሲመለስ ዋናዎቹን እዚያው ሰቀላቸው። ከቀሩት ጥፋተኞች አንዳንዶቹ ደግሞ በመመለሻው ጉዞ ኪልሃለን ተደረጉ። ይሄን የምጽፈው አንዳንድ ሰው "ያለ ምክንያት ነው እንዴ የሚቀጡት?" እንደሚል ስለማውቅ ነው። አዎ፣ ካፒቴን የሚፈራው ነገር ነበረው። መሬት ሩቅ ነው፣ ፖሊስ የለም፣ መቶዎች በአንድ እንጨት ላይ ተጨናንቀው ለወራት ይኖራሉ። ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን ያንን ፑሊ ተቀምጦ ያሰበ ሰው እኮ አለ። እርሳሱ ስንት ኪሎ ይሁን ብሎ የመዘነ ሰው አለ። ያ ሰው ፈርቶ ብቻ ነበር ብላችሁ አታሳምኑኝም።

መርከቧ ጎን ቆመን ለልጄ መጠኗን ነገርኩት። ወርዷ 10 ሜትር ተኩል ገደማ፣ ውሃ ውስጥ የሚገባው ሆዷ ደግሞ 5 ሜትር አካባቢ። በአንዱ ጎን ወርዶ፣ በስሯ አልፎ፣ በሌላው ለመውጣት ወደ 20 ሜትር የሚጠጋ መንገድ ነው። እዚህ አገር ልጆች ሁሉ ዋና ይማራሉ፤ ዲፕሎማውም ኤ፣ ቢ፣ ሲ ይባላል። ሲውን ለማግኘት 9 ሜትር በውሃ ውስጥ መዋኘት አለባቸው። ልጄ ሲውን የወሰደ ቀን ከውሃው ሲወጣ ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ግን እየሳቀ ወደ እኔ ሲመጣ አሁንም ፊቴ ላይ አለ።

"ዘጠኝ ሜትሩ ትዝ ይልሃል?" አልኩት።

"አዎ። ጆሮዬን አሞኝ ነበር።"

"ከዚያ እጥፍ በላይ። ታስሮ። በቀዝቃዛ ባህር። ሦስት ጊዜ።"

ዝም አለ። ወደ መርከቧ ሆድ አየ። ከዚያ፣ "ታድያ ለምን ካርድ ላይ ጻፉት?" አለኝ።

"ምን እንደሆነ ረስተውት ነው" አልኩት። የጓደኛው እናት በጣም ጥሩ ሰው ናት፤ ልጄን ስንት ቀን ከትምህርት ቤት አምጥታልኛለች። ክፋት የላትም። ቃሉ ነው ባዶውን እጇ የደረሰው።

እንግሊዝኛው ላይ ይሄ ነገር ይብሳል። ዛሬ "ኪልሆል ተደረገ" ቢሉ አለቃው ክፉኛ ተቆጣው፣ ልክ ልኩን ነገረው ማለት ነው። ከገመዱ፣ ከእርሳሱ፣ ከዛጎሉ የቀረ የለም። ቃላት እንደዚህ እንደሚሆኑ አውቃለሁ፤ መለሳለሳቸው በራሱ ኃጢአት አይደለም። ቃሉ ሙሉ በሙሉ ባዶ እንዳልሆነ ያሳየኝ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያልቅ ሲል፣ የካቲት 1945 ያልታ ላይ፣ እንግሊዝና አሜሪካ የሶቪየት ዜጎችን ወደ አገራቸው ለመመለስ ተስማሙ። ከነዚህ ውስጥ ብዙዎች መመለስ አይፈልጉም ነበር። የጀርመን መለዮ ለብሰው የተዋጉ ነበሩባቸው፤ ቢመለሱ ምን እንደሚጠብቃቸው ያውቃሉ። ከነሐሴ 1946 እስከ ግንቦት 1947 ጣሊያን ውስጥ በካምፕ የነበሩትን በግድ አሳልፈው ሰጡ። የዘመቻው ምስጢራዊ ስም ምን ይመስላችኋል? ኦፕሬሽን ኪልሆል።

አንድ መኮንን ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ይሄን ስም መርጧል። ወይም ከዝርዝር ላይ አንስቷል። ያም ሆነ ይህ ወረቀቱ በስንት እጅ አልፏል፣ ማንም "ኧረ ይሄ ስም ይቅር" አላለም። ሰውን አስሮ ወደማይፈልገው ጥልቀት መስደድ ይሉታል ይህን ነው። ቃሉ የሞተ ከመሰለ በኋላ፣ ለሚያዝዘው ሰው ትርጉሙ ቁልጭ ብሎ ይታየው ነበር ማለት ነው። የተለሳለሰው ለእኛ፣ ለተመልካቾቹ ነው።

እኛስ? እኛም እኮ አለን። "ቤት ስቀይር ቁም ስቅሌን አየሁ" እንላለን። ቁም፣ ስቅል። ውስጡ መሰቀል አለ። "ይሄ ልጅ ቁም ስቅሌን አሳየኝ" ስንል ግን ሾርባውን አልጠጣም አለ ማለታችን ነው። "ፍዳዬን አየሁ" ስንል የታክሲ ሰልፍ ረዘመ ማለታችን ነው። እኔም እላለሁ፣ ነገም እላለሁ። ከኋላው ያለው ሰው በጣም ሩቅ ነው፤ ማን እንደነበር የሚያውቅ የለም።

ሩቅ ያልሆነ ቃልም ግን አለ። ወፌ ላላ። በደርግ ጊዜ እስረኛ የሚገረፍበት መንገድ ነው።

በቅርቡ አንድ ወጣት፣ እዚሁ አውሮፓ ያደገ፣ ጂም ውስጥ አሠልጣኙ እንዴት እንዳለፋው ሲያወራ "ወፌ ላላ ነው የገለበጠኝ" አለ። ሰው ሳቀ። የት እንደሰማው እንጃ፣ ከቤተሰቡ ይሆናል። አልተቆጣሁትም። ግን ልቤ ድንግጥ አለ፤ የልደቱ ካርድ ነው ፊቴ ላይ የመጣው። ኪልሃለን ከሕግ ከወጣ 170 ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ የሚያስታውሰው አንድ ሰው የለም። ወፌ ላላ የተገለበጡ ሰዎች ግን ዛሬ ጠዋት ተነስተው ቁርሳቸውን በልተዋል። ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል፣ መስጊድ ሄደዋል። አንዱ አጎቴ ነው።

ጋሼ በ1970 ዓ.ም. የ19 ዓመት ተማሪ ነበር። ከዚያ ጊዜ የነገረን ጥቂት ነው። ቃሉን ደግሞ ከአፉ ሰምቼው አላውቅም፤ "ያ ነገር" ነው የሚለው። ልጄ አዲስ አበባ ለእረፍት ሄደን ሳለ ነበር መጀመሪያ የቆመው፤ ሶፋውን ለቆ፣ ሁለት እግሩ ላይ። ቤቱ ሁሉ እያጨበጨበ "ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!" ይላል። ጋሼም ያጨበጭባል። ግን "ጎሽ! ጎሽ!" ነበር የሚለው። ያኔ ልብ አላልኩትም። አሁን ነው የገባኝ፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ አንድ የሆላንድ ልጅ የልደት ካርድ ሳነብ።

ይሄን ጽሑፍ ከመለጠፌ በፊት እሁድ ዕለት ደወልኩለት። ሳላስፈቅደው አልጽፈውም ብዬ ነው። ስለ መርከቡ ነገርኩት፣ ስለ ገመዱ፣ ስለ እርሳሱ፣ ስለ ካርዱ። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ቃሉን ጠራሁለት፣ "ጋሼ፣ ስለ ወፌ ላላም ልጽፍ ነበር፣ ደስ ካላለህ ግን እተወዋለሁ" አልኩት።

ረጅም ዝምታ ሆነ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

"ጻፈው" አለኝ። "ስሙን ብቻ ግን አትጻፍ። ስሙን ብቻ ከሰሙ ጨዋታ ይመስላቸዋል። እንዴት እንደሚያስሩ ጻፍ።"

ከዚያ ነገረኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ። ድምፁ እንደ ሁልጊዜው ነበር፣ የቤት አድራሻ የሚያስጽፈኝ ይመስላል። እጅ ከፊት ይታሰራል። ጉልበት ታጥፎ በታሰረው እጅ መሃል እንዲገባ ይደረጋል። ከጉልበቱ መታጠፊያ ስር፣ ከክንዱ በላይ፣ ጠንካራ እንጨት ይሾልካል። እንጨቱ በሁለት ጠረጴዛ መሃል ይሰቀላል። ከዚያ ገላ በራሱ ክብደት ይገለበጣል፤ ጭንቅላት ወደ ታች፣ ውስጥ እግር ወደ ላይ። የሚመቱት ውስጥ እግርን ነው። ጨርቅ አፉ ውስጥ ይጠቀጥቃሉ።

"እዚያም መርከቡ ላይ አፋቸውን ይደፍኑ ነበር?" ብሎ ጠየቀኝ።

"አዎ ጋሼ። በዘይት የተነከረ ነገር ያስሩባቸዋል። ውሃ እንዳይውጡ።"

"የኛ እንዳይሰማ ነበር" አለ።

ትንሽ ቆየ። ከጀርባው የሬዲዮ ድምፅ ይሰማኛል፣ እቴቴ ዕቃ ታነሳለች።

"ልጁስ? ልደቱ ሄደ?"

"ሄደ ጋሼ።"

"በሰዓቱ ደረሰ?"

"ቀድመን ነው የደረስነው።"

"እሰይ" አለ። "እሰይ የኔ ልጅ።"